የክፍሌን ዝምታ እንዴት እንደፈታሁት

ሐዋሳ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በቡድን ሥራ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። ይሄ በጣም ያሳስበኝ ነበር።

መጀመሪያ ጥያቄዬን ቀየርኩ፦ «የሐዋሳ ሐይቃችን ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም፤ ታዲያ ለምን እንደ ሻላ ሐይቅ ጨዋማ አልሆነም?» ከዚያ አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ፍራንክ ላይማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀውን ዘዴ ያዝኩ፤ ሁለት ደቂቃ ለብቻ አስቦ መጻፍ፣ ከጎን ካለው ጋር መወያየት፣ ከዚያ ለክፍሉ መናገር። ለብቻ መጻፏን እንዳትዘሏት፤ እኔ ስዘላት ያው ጎበዙ ብቻ ነበር ያወራው። ተናጋሪውን በዕጣ አወጣለሁ፣ የሚናገረውም የጓደኛውን ሐሳብ ነው።

ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ «ከሥር እየሰረገ ይወጣ ይሆናል» አለች። ሌላው ወዲያው «በምን አወቅሽ?» አላት። ስጠብቅ የከረምኩት ይህችን ጥያቄ ነበር።