መሣሪያ የሚጠፋበት የቤት እንጨት ሥራ ክፍል፦ ችግርና መፍትሄ

በቤት ውስጥ ባለ የእንጨት ሥራ ክፍል «ጠፋ» የሚባለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ አልወጣም። ስለዚህ «የት ገባ?» ከማለት በፊት «ለምን ወደ ቦታው አልተመለሰም?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሜትር፣ እርሳስና ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ሥራ መሀል ይሰወራሉ

ምክንያቱ መርሳት ብቻ አይደለም። ማስቀመጫው ከመሥሪያው ጠረጴዛ ሁለት ሦስት እርምጃ ከራቀ ዕቃው ያለጥርጥር ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ቁርጥራጭና ሰጋቱራ ይጫነዋል። መፍትሄው ጠረጴዛው ጎን ላይ 20 በ30 ሳ.ሜ. የሆነ፣ ጠርዙ 4 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ከፍ ያለ ክፍት ሳጥን መምታት ነው። ሦስቱ ዕቃዎች ብቻ ይግቡበት፤ አንድ ጊዜ ቪቴና ብርጭቆ ወረቀት ከተጣለበት ተራ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። እርሳስን በተመለከተ ደርዘን መግዛት ከመፈለግ ይረክሳል።

ለማንኛውም ዕቃ ማስቀመጫ መፈተኛው ይህ ነው፦ በአንድ እጅ፣ በአንድ እንቅስቃሴ መመለስ ይቻላል? ክዳን መክፈት ወይም ሌላ ዕቃ ማንሳት ካስፈለገ፣ ሥራ ሲበዛ ማንም አይመልሰውም።

የግድግዳ ሰሌዳ ተሠርቶም ዕቃው ወለል ላይ ነው

ሰሌዳው የተደረደረው ለዓይን እንዲያምር ሲሆን እንዲህ ይሆናል። መዶሻው ከላይ ጥግ፣ በዓመት አንዴ የሚነካው መሣሪያ ደግሞ መሀል ላይ ይሰቀላል። የዕቃውን ቅርጽ በመጀመሪያው ቀን በቀለም መሳልም ሌላው ስህተት ነው፤ ቀለሙ ካረፈ በኋላ ቦታ ለመቀየር ሰው ይሰንፋል።

12 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ (ከስስ እንጨቶች ተደራርቦ የተጣበቀ ሰሌዳ) ወለል ላይ አንጥፉና ዕቃዎቹን ደርድሩበት። በመካከላቸው 3 ሳ.ሜ. ተዉ፤ እጅ ተጠምዞ ለሚያነሳቸው መጋዝና መዶሻ ግን ወደ 8 ሳ.ሜ. አስፉት። በየቀኑ የሚያስፈልገው ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። ምስማሮቹን ጭንቅላታቸው ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንዲቆይ ምቱ፤ ቀጥ ብለው ከተመቱ ዕቃው ይንሸራተታል። ሁለት ሳምንት ሥሩበት፣ ያልተመቸውን አዛውሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቅርጹን በእርሳስ ዙሩና በዘይት ቀለም ሙሉት። ማታ ክፍሉን ስትዘጉ ባዶ ቅርጽ ከሩቅ ይታያል።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ የድሪሉን ሃመር (እየመታ የሚበሳበትን ስልት) አጥፍታችሁ ብሱ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲመታ ቀዳዳው ይሰፋና ፊሸሩ (ቪቴው የሚገባበት ፕላስቲክ) አብሮ ይሽከረከራል። ከሰሌዳው ጀርባ 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ ብታስገቡ አየር ያልፋል፤ የምስማሩም ጫፍ ቦታ ያገኛል። መላጊያ አይሰቀልም። መደርደሪያ ላይ፣ ከፊቱ ሥር ቀጭን እንጨት ተደርጎለት ስለቱ ምንም ሳይነካ ይቀመጥ።

የፑንታው (የድሪል መብሻው) ቁጥር አይታወቅም

ሁሉም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሲንኳኩ እግራቸው ላይ ያለው ቁጥር ይፋቃል፤ 5ን ከ5.5 በዓይን መለየት ደግሞ አይቻልም። ደረቅ ቁራጭ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) ላይ 2 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያላቸው ቀዳዳዎች ብሱ፤ እያንዳንዱ ከፑንታው በ0.5 ሚ.ሜ. ይስፋ። ልክ በልኩ ከሆነ እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ ፑንታው ተጣብቆ ይቀራል። ቁጥሩን ሰጋቱራ በሚያርፍበት አናት ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ጻፉት።

ቁጥሩ የጠፋበትን ፑንታ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ስትለኩ ጠመዝማዛውን ክፍል ለኩ እንጂ እግሩን አይደለም፤ የትልልቆቹ እግር ድሪል ውስጥ እንዲገባ ቀጥኖ ሊሠራ ይችላል። የግድግዳ ፑንታ ለብቻው ረድፍ ይኑረው፤ ጫፉ ለግንብ የተሠራ ስለሆነ እንጨት ላይ ቀዳዳውን ያሻክረዋል።

የድሪሉ ቁልፍ አይገኝም

ፑንታውን የሚያጠብቀውን ቁልፍ በገመድ ከድሪሉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር እሰሩት፤ ግን በሶኬቱ መሰኪያ በኩል። ያኔ ፑንታ ለመቀየር ሶኬቱ መነቀል ግድ ይሆንበታል። በሰንሰለት ወይም በብረት ሽቦ አትሰሩ።

መሮው ሲገኝ ስለቱ ተሸርፏል፣ ዝጓል

መሳቢያ ውስጥ ብረት ከብረት ተጋጭቷል፤ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ አድሮ እርጥበት ነክቶታል። ለእያንዳንዱ መሮ ለብቻው መሰኪያ ቁረጡ፤ ስለቱ ወደ ታች ይሁንና ሥሩ ክፍት ይተው። መደርደሪያውን ግን ባልደረቀ ባሕር ዛፍ አትሥሩት፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ እርጥበቱም ብረቱን ያዝጋል። ከክረምት በፊት በጨርቅ ቀጭን የማሽን ዘይት ማልበስ ይበቃል።

ጎረቤት የወሰደው ማን ጋ እንዳለ ተረሳ

ጎረቤትን «አልሰጥም» ማለት አይቻልም፤ መመዝገብ ግን ይቻላል። ዕቃው ተሰቅሎበት በነበረው ምስማር ላይ የወሳጁ ስምና ቀኑ የተጻፈበት ካርቶን አንጠልጥሉ። ደብተር ይረሳል፣ ባዶ ቦታ ላይ የተሰቀለ ካርቶን ግን በየቀኑ ዓይን ይወጋል።

የራሳችሁ መሆኑ እንዲታወቅ እጀታው ላይ ሁለት ቀለም አዙሩ ወይም በጋለ ምስማር ፊደል ተኩሱ። በመሮ ብረት ላይ በመዶሻ ምልክት አትምቱ፤ የጠነከረ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። የድሪልና የግራይንደር መለያ ቁጥር ያለበትን ምልክት በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ቢሰረቅ ለፖሊስ የሚቀርበው እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ቪቴ በድጋሚ ይገዛል

ውስጡን በሚያሳይ ጠርሙስ በየዓይነታቸው ለያይታችሁ አስቀምጧቸው፤ ከውጭ በኩል ከያንዳንዱ አንድ አንድ ቪቴ በፕላስተር ለጥፉ።