የአጥንት መሳሳትን ምልክት ቤት ውስጥ እንዴት እንለያለን?

የአጥንት መሳሳት ክፋቱ አለማመሙ ነው። አጥንቱ በውስጥ እየሳሳ ዓመታት ያልፋሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሲሰበር ነው። እኛ ጅማ ደግሞ ዝናብ ስለማይጠፋ ወገቧን ያመማት እናት ሁሉ "ብርድ ነው" ትባላለች። እናቴም ተብላለች። ጄሪካን ስታነሳ ጀርባዋን ቀጨም አደረጋት፤ በቅባት ስትታሽ ከረመች። በኋላ ራጅ ስትነሳ ግን አንዱ የአከርካሪ አጥንቷ ተደርምሶ ተገኘ።

መጀመሪያ ማን እንደሚያሰጋው እወቁ፦ የወር አበባ ያቆመች ሴት፣ በተለይ ከ45 ዓመቷ በፊት ካቆመች፤ በጣም ቀጭን ሰው፤ እናቱ ወይም አባቱ ዳሌያቸው የተሰበረ፤ አጫሽ፤ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ከ3 ወር በላይ የወሰደ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ቁመት ለኩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል፤ የአናጢ ብረት ሜትር ይሻላል። ጠዋት ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ቆመን ስንውል ቁመታችን ትንሽ ይቀንሳል። ጫማና ሻሽ ይውለቅ። ተረከዝ ግድግዳውን ይንካ፤ ዓይን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናት ላይ አጋድማችሁ ከግድግዳው ጋር አስጠጉና በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሁለቴ ለኩ፣ ከነቀኑ ጻፉት።

ከወጣትነት ቁመት 4 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ሐኪም ይየው። ከቀድሞ ልኬታችሁ 2 ሳንቲ ሜትር መቀነሱም ያሳስባል። የድሮውን ቁመት የጻፈ ከሌለ ልብሱን ተመልከቱ። በልኳ የተሰፋው ቀሚስ አሁን መሬት የሚጠርግ ከሆነ፣ ቀሚሱ አልረዘመም።

እዚያው ግድግዳ ላይ እንዳሉ የራስ ቅላቸው ጀርባ ግድግዳውን ይነካል? ካልነካ አከርካሪው ጎብጦ ሊሆን ይችላል። "ዕድሜ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

ስብራትንም መርምሩ። ጭቃ አንሸራትቷት የወደቀች ሴት እጇ ቢሰበር ጥፋቱን ለጭቃው እንሰጣለን። ጤነኛ አጥንት ግን ከቁም ወድቆ በቀላሉ አይሰበርም። ከ50 ዓመት በኋላ የእጅ አንጓ፣ ዳሌ ወይም አከርካሪ እንዲህ ከተሰበረ፣ ጀሶው ተፈትቶ ስለዳነ ብቻ ነገሩ አላለቀም።

ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ሲመጣ ወጌሻ አያሸው፤ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የተደረመሰ አጥንት ላይ መጫን ያባብሰዋል። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገረ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ራጅ "ደህና ነው" ቢልም አትዘናጉ፤ መሳሳቱ ካልገፋ በራጅ አይታይም። ትክክለኛው መለኪያ ዴክሳ የሚባለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ነው፤ ቲ-ስኮር የሚባለው ውጤት ነጌቲቭ 2.5 (-2.5) ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ነው። መሣሪያው በየሆስፒታሉ የለም። ስለዚህ የቁመቱን ጽሑፍ፣ የድሮ ራጆችንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ ዴክሳ ባይኖርም ሐኪሙ እነዚህን አይቶ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።