ጉሉኮሱ ቆመ? ሮለሩን ከመንካታችሁ በፊት እጁን እዩ

«ሲስተር፣ ጉሉኮሱ ቆመ!» ዋርድ ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ጥሪ ያውቀዋል። የሚጠራው አስታማሚ ነው። የተሰቀለው ሪንገር ይሁን ኖርማል ሳላይን፣ ለእሱ ሁሉም ጉሉኮስ ነው። ተረኛዋ ትመጣለች፣ ሮለሩን (ቱቦው ላይ ያለውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ) ከፈት ታደርጋለች፣ ጠብታው ይጀምራል፣ ወደ ሌላው አልጋ ትሮጣለች። ትንሽ ቆይቶ የበሽተኛው እጅ እስከ ክርኑ አብጦ ይገኛል።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ዋርድ ለገቡ ነርሶችና ለተማሪዎች ነው። አስታማሚም ቢያነበው ጥሩ ነው። ግን ማየትና መጥራት የእናንተ፣ ሮለሩንና ካኑላውን (ስር ውስጥ የሚተከለውን ቀጭን ቱቦ) መንካት የነርሷ ይሁን።

ጠብታው ዘገየ ወይም ቆመ

ከእጁ ጀምራችሁ ወደ ላይ ፈትሹ። ፕላስተሩን ገለጥ አድርጉና የካኑላው ጫፍ ያለበትን ቦታ ዳስሱ። ከሌላኛው እጅ ጋር አወዳድሩ። አብጧል? ቀዝቅዟል? ቆዳው ተወጥሯል? ከሆነ ሮለሩን ዝጉና ወደሚቀጥለው ርዕስ እለፉ።

አንዳንዱ ከረጢቱን ዝቅ አድርጎ ደም ወደ ቱቦው ሲመለስ ካየ «ስር ውስጥ ነው» ብሎ ይሄዳል። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የካኑላው ጫፍ በከፊል ስሩ ውስጥ ሆኖ ደም እየመለሰ፣ ፈሳሹ ደግሞ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ከደሙ ይልቅ እብጠቱን እመኑ።

እጁ ደህና ከሆነ ቀላል ቀላሉን ምክንያት ጨርሱ። ካኑላው አንጓ ወይም ክርን ላይ ከተተከለ በሽተኛው እጁን ሲያጥፍ ይቆማል፣ ሲዘረጋ ይሄዳል። ለጊዜው እጁን ዘርግታችሁ በስፕሊንት ደግፉት። ቀጣዩን ካኑላ ግን ከመታጠፊያው አርቁት። የግፊት መለኪያው በዚያው እጅ ላይ ታስሮም ሊሆን ይችላል። ስር ለመፈለግ ያሰራችሁት ጓንት እጅጌ ስር ተረስቶስ? የማይሆን ይመስላል፤ ይሆናል። ቱቦው በሽተኛው ጎን ስር ታጥፎ እንደሆነም እዩ። ከረጢቱ ደግሞ ከእጁ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል።

የተሰቀለው ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሆነ አየር ካልገባው ይቆማል። ቱቦው ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ክዳን ክፈቱ። ለስላሳው ከረጢት ግን ራሱ እየተጨማደደ ስለሚወርድ አየር አይፈልግም። ከላይ በመርፌ መብሳት የተለመደ ነገር ነው፤ እኔ ግን ጨርሶ አልወደውም። ለጀርም በር መክፈት ነው።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካልሄደ ካኑላው ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በባለ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ኖርማል ሳላይን ያዙ። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ግፉ። እምቢ ካለ አቁሙ። ትንሿ ባለ2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለእጅ ትቀላለች፤ የምትፈጥረው ግፊት ግን ከትልቁ ይበልጣል። በጉልበት የተገፋ የረጋ ደም ወደ ስሩ ይገባል። ካኑላውን ነቅሎ ሌላ መትከል ይሻላል።

እጁ አበጠ

ምክንያቱ ፈሳሹ ከስሩ ውጭ መፍሰሱ ነው። ተራ ፈሳሽ ከሆነ አቁሙ፣ ካኑላውን ንቀሉ፣ እጁን በትራስ ከፍ አድርጉ፣ አዲሱን በሌላኛው እጅ ትከሉ። እብጠቱ ቀስ በቀስ ይጎድላል።

መድኃኒት እየገባ ከነበረ ግን ነገሩ ይለያል። 40 በመቶ ግሉኮስ፣ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ፌኒቶይን፣ ዶፓሚን፣ አድሬናሊን፦ እነዚህ ከስር ውጭ ከፈሰሱ ሥጋ ሊያሞቱ ይችላሉ። ወዲያው አቁሙ። ፍላሽ አታድርጉ (በሳላይን አትግፉ)፤ የቀረውንም ወደ ሥጋው ትገፉታላችሁ። ካኑላውን ከመንቀላችሁ በፊት በሲሪንጅ የሚሳበውን ያህል ሳቡ። ከዚያ ንቀሉ፣ የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ሐኪም ጥሩ። በረዶ ለመያዝ አትቸኩሉ። ዶፓሚንና አድሬናሊን ስሩን ስለሚያጠብቡ ቅዝቃዜ ጉዳቱን ያብሰዋል።

ቦታው ቀላ፣ ሞቀ፣ ስሩ ገመድ ሆነ

ስሩ ተቆጥቷል። ካኑላው ይውጣ፣ ድርድር የለውም። «ስር የለውም፣ ይቺ ነች ያለችው» የሚለው ምክንያት እኔን አያሳምነኝም። መግል ካለ ወይም በሽተኛው ካተኮሰው ለሐኪም ይነገር። የተተከለበትን ቀንና ሰዓት ፕላስተሩ ላይ ጻፉ። ካኑላውን ከ72 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀየር የሚለው የቆየ ልማድ ነው፤ ቦታው ከተቆጣ ግን በ10 ሰዓትም ይነቀላል።

ቱቦው ውስጥ ነጭ ነገር ታየ

ሁለት መድኃኒቶች ተጣልተዋል። እኛ ጋ በብዛት የሚታየው ሴፍትሪያክሶንና ሪንገር ነው። ሪንገር ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደለል ይሠራሉ። አዋቂ ላይ ሪንገሩን አቁማችሁ፣ ቱቦውን በኖርማል ሳላይን አጥባችሁ፣ ሴፍትሪያክሶኑን ሰጥታችሁ፣ እንደገና አጥባችሁ መቀጠል ይቻላል። 28 ቀን ያልሞላው ጨቅላ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ የሚወስድ ከሆነ ግን ሴፍትሪያክሶን በሌላ መስመርም ቢሆን አይሰጠውም።

ፌኒቶይን በኖርማል ሳላይን ብቻ ይበረዛል። ግሉኮስ ውስጥ ከገባ ይረጋል። ዲያዜፓምም ሲበረዝ ይደፈርሳል።

ነጩን ነገር ካያችሁ በሳላይን ለመግፋት አትሞክሩ። ዝጉ፣ ቱቦውን ከካኑላው ነቅላችሁ ጣሉ። ካኑላው ድረስ ከደረሰ እሱም ይነቀል።

መድኃኒቱ ሲገባ አቃጠለው፣ ወይም ፊቱ ቀላ

መጀመሪያ እብጠት እዩ። ከሌለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ነው። ቫንኮማይሲን 1 ግራም ቢያንስ በ60 ደቂቃ ይገባል፤ ከፈጠነ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል። መቅላቱ ከመተንፈስ ችግር፣ ከከንፈር እብጠት ወይም ከግፊት መውረድ ጋር ከመጣ ግን አለርጂ ነው። መድኃኒቱን አቁሙ፣ ሐኪም ጥሩ፣ አድሬናሊን በጡንቻ ለመስጠት ተዘጋጁ። ካኑላውን ግን አትንቀሉ፣ ያስፈልጋችኋል።

ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ በቀጥታ አይገፋም። ልብ ያቆማል። በደንብ ተበርዞ፣ የልብ ሞኒተር በሌለበት ዋርድ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል ሳይበልጥ ይሰጣል። ከረጢቱ ውስጥ ስትጨምሩት ደጋግማችሁ ገልብጡት፤ ካልተቀላቀለ የመጀመሪያው ጠብታ ላይ ይከማቻል።

ከረጢቱ ቶሎ አለቀ

ሮለሩ ተነክቷል ወይም ጠብታው አልተቆጠረም። ቱቦው 20 ጠብታ ለ1 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ከሆነ፣ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ነው። የቱቦውን ቁጥር ማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ሁሉም 20 አይደለም። ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት ምልክት አድርጉ። በሽተኛው ካሳለው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ፈሳሹን አቁሙ፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሐኪም ጥሩ።

አዲስ ከረጢት ከተሰቀለ በኋላ አንቀጠቀጠው

ብርድ ብርድ ካለውና ካተኮሰው ፈሳሹን ጠርጥሩ። አቁሙ። ከረጢቱንም ቱቦውንም አንድ ላይ አውርዱ፤ ከረጢቱን ብቻ መቀየር አይበቃም። የወረደውን አትጣሉ። መለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ለምርመራ ይቀመጥ። ከዚያው ካርቶን የቀሩትም እስኪጣራ ለማንም አይሰቀሉ።