ሰው የሚፈራው የሚሸተውን ነው፦ በጋዝ ውሃ ማሞቂያ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ያስገጠመ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጠጋ ብሎ ያሸታል። ደግ አደረገ። ግን ያ ሽታ የጋዙ የራሱ አይደለም። የሲሊንደር ጋዝም ሆነ በመስመር የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሾልኮ ሲወጣ እንዲታወቅ ተብሎ ነው የሚሸት ኬሚካል የሚጨመርበት።

ጋዙ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ለሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የሚጨምርለት የለም። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ቦታ ይቀማል ማለት ነው። ስለዚህ ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የእሳት ጉዳይ አይደሉም። የአየርና የጭስ ጉዳይ ናቸው።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ መስቀል

ምክንያቱ ይገባኛል። ሙቅ ውሃው የሚፈለገው እዚያ ነው። ቧንቧው ያጥራል፣ ወጪው ይቀንሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይደርሳል። ችግሩ መታጠቢያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ጠባብ ክፍል መሆኑ ነው።

እስቲ እናስላው። 1 ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ለመቃጠል 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል። 20 ኪሎዋት የሚሆን ወራጅ ማሞቂያ (ውሃ ሳያጠራቅም እያለፈ የሚያሞቀው ዓይነት) በሰዓት ወደ 2 ሜትር ኩብ ጋዝ ይበላል። አንድ ሰው 20 ደቂቃ ቢታጠብ ማሞቂያው ከ6 ሜትር ኩብ በላይ አየር ጨርሷል። ስፋቱ 2 በ1 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ መታጠቢያ ቤት ደግሞ በጠቅላላው የሚይዘው 7 ሜትር ኩብ ተኩል ነው። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተቆልፏል፣ ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኗል። ሰውየውና ማሞቂያው ያችኑ አየር እየተሻሙ ነው። አየር ሲያንስ ቃጠሎው ይጎድላል። ቃጠሎ ሲጎድል ደግሞ የሚሆነውን ከላይ አይተናል።

ስለዚህ አየሩን ከክፍሉ የሚወስድ ማሞቂያ፣ ጭስ ማውጫ ቢኖረውም እንኳ፣ መታጠቢያ ቤትና መኝታ ቤት አይገባም። አካሉ ዝግ ሆኖ አየር ከውጭ የሚስብ፣ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚመልስ፣ ቧንቧ በቧንቧ ውስጥ የገባበት ዓይነት አለ። እሱ ሌላ ነው። እሱም ቢሆን የአምራቹ መመሪያ የት እንደሚፈቅደው ታይቶ ነው የሚሰቀለው።

ቀዳዳውን መድፈን

ከዚህኛው እኔም አላመለጥኩም። ማሞቂያው ያለበት ኩሽና ከበሩ በላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ነበረው። ብርዱ ሲበረታ አሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ወሸቅኩበት። ለሁለት ሳምንት ምንም የለም። አንድ ቀን ጠዋት ግን በማሞቂያው ትንሽ መስተዋት ሳይ እሳቱ ተለውጧል። ድሮ ሰማያዊና ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ጫፉ እንደ ሻማ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። ከሽፋኑ በላይ ግድግዳው ላይ ጣት የምታህል ጥላሸት ተሥላለች። አጥፍቼ ባለሙያ ጠራሁ። መጣ፤ ማሞቂያውን ገና ሳይነካ ቀና አለና «ይሄ ፎጣ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ። አፈርኩ።

ሰማያዊ እሳት ጥሩ ነው፣ ቢጫ እሳት አየር ተርቧል ወይም እሳቱ የሚወጣበት በርነር ቆሽሿል። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መስተዋቷን በየጊዜው ማየት ብቻ ነው።

ቀዳዳውን ክፍት አድርጎም ቢሆን ሌላ ወጥመድ አለ፦ የኩሽና ጭስ መሳቢያ ፋን። ጉልበተኛ ፋን አየሩን ወደ ውጭ ሲገፋ፣ ቤቱ የጎደለበትን አየር ካገኘበት ይስባል። ካገኘበት ማለት በማሞቂያው ጭስ ማውጫ በኩልም ጭምር ነው። ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። መሞከሪያው ቀላል ነው። የጋዝ ሽታ እንደሌለ አረጋግጡ። በርና መስኮት ዝጉ፣ ፋኑን ክፈቱ፣ ማሞቂያውን 5 ደቂቃ ያህል አሠሩት። ከዚያ እፍ ተብሎ የጠፋ ክብሪት በማሞቂያው የላይኛው የጭስ ክፍተት አጠገብ ያዙ። ጢሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ፊታችሁ ከመጣ ማሞቂያው ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ባለሙያ ይጠራ።

ጭስ ማውጫውን እንደ ውሃ ቧንቧ ማየት

ውሃ ግፊት አለው፤ በፈለጋችሁበት ታጥፉታላችሁ። ፋን የሌለው ማሞቂያ ጭስ ግን የሚወጣው ትኩስ ስለሆነ ብቻ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ያለበት። ብዙ መመሪያዎች ከመጀመሪያው ክርን በፊት ቢያንስ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ቀጥታ ይላሉ። ከማሞቂያው እንደወጣ ወዲያው ታጥፎ ግድግዳ የገባ ቱቦ በየቤቱ ሞልቷል። «ያምራል» ይሉታል። ጭሱ አያምርለትም።

ስፋቱንም መሃል ላይ ማጥበብ አይቻልም። «ባለ 11 ሳንቲ ሜትር አጣን፣ ባለ 9 ይሠራል» ከተባላችሁ አይሠራም። ጫፉ የግድ ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ መሆን አለበት። ኮርኒስ ውስጥ ወይም የጋራ ኮሪደር ላይ የቀረ ጭስ ማውጫ ችግሩን ለጎረቤት ማስተላለፊያ ነው። በዓመት አንዴ ጫፉን ማየትም አይከፋም። ወፍ ጎጆ ሠርታበት ልትገኝ ትችላለች።

የጋዙን ዓይነት አለማየት

ማሞቂያው ጎን ላይ ምልክት አለ። በየትኛው ጋዝና በስንት ግፊት እንደሚሠራ ይናገራል። የተፈጥሮ ጋዝ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ20 ሚሊባር ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከ28 እስከ 37 ሚሊባር ይፈልጋል፤ ጋዙ የሚረጭበት ኖዝልም ቀዳዳው የጠበበ ነው። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራውን ሲሊንደር ላይ ብትሰኩት ከሚገባው በላይ ጋዝ ይጎርፋል። እሳቱ ይነሳል፣ ይቀላል፣ ጥላሸት ይሠራል። ኖዝል መቀየሪያው ከአምራቹ የሚገኝ ከሆነ ባለሙያ ይቀይረዋል። ኖዝል በመርፌ ማስፋትም ሆነ በሽቦ ማጥበብ ግን ጨዋታ አይደለም።

ስለ ሲሊንደሩ አንድ ነገር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ካገኘ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከመሬት በታች ባለ ክፍል አይቀመጥም። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አይጋደም። ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ይሄዳል።

ጎማ፣ ፋሸታና ቴፍሎን

ነጩ ቀጭን ቴፍሎን ለውሃ ነው። ለጋዝ ወፈር ያለ ቢጫ አለ። የጋዝ ጎማ ላይ ዓመተ ምህረት ታትሟል፣ አንብቡት። በግድግዳ ውስጥ አይለፍ፣ ከማሞቂያው ጀርባ አይጠምዘዝ፣ በሽቦ አይታሰር። በፋሸታ ይጥበቅ።

ፍሳሽ መፈለጊያው የሳሙና አረፋ ነው። ክብሪት ለኩሶ መገጣጠሚያውን የሚዞር ሰው አሁንም አለ። ልምድ ቢኖረውም አትፍቀዱለት።

ሽታው ከመጣ ደግሞ መብራት አታብሩ። አታጥፉም። የሚረሳው ይሄኛው ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ ሲጠፋም ብልጭታ ያወጣል። ቅርብ ከሆነ ጋዙን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ፣ ስልኩን ውጭ ሆናችሁ ደውሉ።

«ሴንሰሩ ነው የሚረብሸው» ብሎ ማለፍ

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማሞቂያው ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ በራሱ ይጠፋል። ይለኩሱታል፣ ደግሞ ይጠፋል። አንድ «የሚችል» ሰው ይመጣና ሁለት ሽቦ አገናኝቶ ይሄዳል። ማሞቂያው ዳግም አይጠፋም። ሁሉም ደስ ይለዋል።

ምን እንደተደረገ እንይ። ጭስ መውጫው አጠገብ ሙቀት የሚያውቅ ትንሽ ነገር አለች። ጭሱ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ትሞቃለች፣ ጋዙንም ትዘጋለች። ማሞቂያው የጠፋው ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል። ጭስ እየተመለሰ ነው እያለ ነበር። ሰውየው የዘጋው አፉን ነው።

ቴርሞኮፕሉም እንደዚያው። እሳቱ ውስጥ የምትቆመው ዘንግ ስትሞቅ ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ገደማ ታመነጫለች። ያቺ ኢምንት ኤሌክትሪክ የጋዝ ቫልቩን ከፍታ ትይዛለች። እሳቱ ከጠፋ ትቀዘቅዛለች፣ ቫልቩ ይዘጋል። ካረጀች ዋጋዋ ከማሞቂያው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ይቀየር። በሽቦ ማለፍ ማለት እሳቱ ቢጠፋም ጋዙ ይፍሰስ ብሎ መፍረድ ነው።

የሚንጠባጠበውን ቫልቭ መድፈን

ይህ ታንከር ላለው ማሞቂያ ነው። ከላይ ወይም ከጎን የሙቀትና የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አለው። የተለመደው ወደ 99 ዲግሪ ወይም 10 ባር ሲደርስ ይከፈታል። ውሃ ሲሞቅ ይነፋል። ወደ መስመሩ የሚመለስበት መንገድ ከሌለው ጠብ ጠብ ይላል። መፍትሔው የማስፋፊያ ታንክ ነው፤ ወይም ቫልቩ ካረጀ መቀየር። ብሎን ገጥሞ መድፈን ግን ታንከሩን ቦምብ ማድረግ ነው። 1 ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,600 ሊትር ገደማ ይሆናል። የቫልቩ ማፍሰሻ ቱቦ ክፍት ሆኖ ወደ ወለሉ ይውረድ፣ መዝጊያ አይግባበት።

ሙቀቱን በተመለከተ ሁለት የሚጋጩ ነገሮች አሉ። ታንከሩ ውስጥ 60 ዲግሪ ካልሆነ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። 60 ዲግሪ ውሃ ግን በ5 ሴኮንድ ገደማ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለሕፃን ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ታንከሩ ይሙቅ፣ መውጫው ላይ የማደባለቂያ ቫልቭ ገብቶ ከ50 ዲግሪ በታች ይውረድ። ታንከሩ ውሃ ሳይሞላ እሳት እንዳይለኮስ ማለቱ ለአንባቢ ይበዛበታል፣ ግን የተደረገበትን ቤት አውቃለሁ።

ካልተበላሸ አለመጥራት

በዓመት አንዴ ይታይ። አንዳንዱ «ሰርቪስ» ግን ሽፋኑ ሳይከፈት በ10 ደቂቃ ያልቃል። ያ ሰርቪስ አይደለም። ሽፋኑ ይወርዳል፣ በርነሩ ከአቧራና ከሸረሪት ድር ይጸዳል፣ ውሃው የሚሞቅባቸው ክንፎች ከጥላሸት ይጠረጋሉ፣ ጭስ ማውጫው ይፈተሻል፣ መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና ይታያሉ። ጥሩ ባለሙያ ጭሱን በመለኪያ ይለካል። ታንከር ከሆነ ከታች የተጠራቀመው ዝቃጭ ይለቀቃል፣ ታንከሩን ከዝገት የምታድነው የማግኒዥየም ዘንግም ትታያለች።

ሲለኮስ «ቧ!» የሚል ድምፅ ካለው አትልመዱት። ጋዙ ተጠራቅሞ ዘግይቶ እየተቀጣጠለ ነው።

ራሳችሁ የምትሠሩትም አለ። የውሃ መግቢያውን ወንፊት ማጠብ። የባትሪ ድንጋዮቹን መቀየር፤ ጭክ ጭክ እያለ የማይለኮሰው ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው። ውሃው ደካማ ከሆነ ደግሞ የጣሪያውን ታንከር ከፍታ አስቡ፦ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው፣ 2 ሜትር ደግሞ 0.2 ብቻ። ለብዙ ወራጅ ማሞቂያ አይበቃም። ፓምፕ ይፈልጋል እንጂ ቫልቩን ፈትቶ ማስገደድ አይደለም። ጋዝ የሚያልፍበትን ብሎን በሙሉ ለባለሙያ ተዉት።

ራስ ምታቱን ጉንፋን ማለት

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ይመስላል። የሚለይበት ነገር አለው፦ ቤተሰቡ ሁሉ በአንዴ ይታመማል፣ ከቤት ሲወጡ ይሻላቸዋል፣ ሲመለሱ ይመለስባቸዋል። አንዳንዴ ድመቷ ከሰው ቀድማ ትደክማለች።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኝታ ቤት አካባቢ ይሰቀል፣ የተኛ ሰው እንዲሰማው። የጋዝ ፍሳሽ ማስጠንቀቂያ ሌላ ዕቃ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ጀርባው ላይ የሚያልቅበት ቀን አለ።

ከጮኸ ሁሉም ይውጣ። የታመመ ካለ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ «ቤታችን የጋዝ ማሞቂያ አለ» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን አይለይም፤ ሰውየው እየተመረዘ 98 ሊያሳይ ይችላል። የሚለየው ለዚሁ ተብሎ የሚደረግ የደም ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ እንዲያዝዘው ደግሞ መጠርጠር አለበት።