ፍሬን ሲረግጡ መሪው የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው? የፒክአፕ ዲስክና ሸራ አመራረጥ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፍሬን በረገጡ ቁጥር መሪው ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የፊት ዲስኩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ የፍሬን ብረት፣ ይጠርጥሩ። ጭነት የያዘ ፒክአፕ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሲወርድ ዲስኩ ይግላል። ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ ፊቱ ላይ እዚህም እዚያም ይጋገርበታል፣ ውፍረቱም እኩል መሆኑ ይቀራል።

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ያስለኩት። አነስተኛው የተፈቀደ ውፍረት በሚሊ ሜትር ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ ዝገቱን ጠረግ ሲያደርጉት ይታያል። ተልጦም ከዚያ ቁጥር የማይወርድ ከሆነ ቶርኖ ቤት ይውሰዱት። ከወረደ ግን ይቀየር። «ትንሽ ያስኬዳል» የሚልዎትን አይስሙ። የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃልም።

ሲገዙ የመኪናውን ስም ብቻ አይንገሩ። ሂሉክስ ሁሉ አንድ ዓይነት ዲስክ የለውም። ሊብሬውንና አሮጌውን ዲስክ ይዘው ይሂዱ፤ ስፋቱን፣ ውፍረቱንና የቡሎን ቀዳዳውን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ፊቱ የተበሳሳው ዲስክ ያምራል፣ ለጭነት ግን አልመክርም፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ዳር ነው። ፊቱ ልሙጥ፣ መሀሉ አየር የሚያሳልፍ ይሻላል። ከሸራ ደግሞ ሴሚ ሜታሊክ (የብረት ቅልቅል ያለበትን) ይምረጡ። ትንሽ ይጮህ ይሆናል፣ ሙቀት ግን ይችላል። የግራውና የቀኙ አብሮ ይቀየር።

አዲስ ዲስክ ገብቶም መንቀጥቀጡ ከተመለሰ ሞዞውን፣ ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበትን፣ ያስፈትሹ። ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የቀረች ትንሽ ዝገት ታጣምመዋለች። በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፣ ዳዶዎቹም በመስቀለኛ ተራ እኩል ይጥበቁ።

ወደ ባቲ ሲወርዱ ፍሬኑ ከደከመ ግን ፔዳሉን ልብ ይበሉ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለና ከሸተተ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል፤ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ቶሎ ይፈላል። በየ2 ዓመቱ ይቀየር፤ የዘይቱ ዓይነት ዶት 3 ይሁን ዶት 4 የዘይት መያዣው ክዳን ላይ ተጽፏል። በሁለቱም ጊዜ ጥግ ይዘው ቆመው ያቀዝቅዙት። ውሃ እንዳይደፉበት! ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገቡ።

ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ብዙ ጊዜ የካሊፐሩ (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒን ደርቆ ነው፤ ተጠርጎ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀባ። ብረት ለብረት ሲፋጭ ከተሰማ ሸራው አልቋል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር ነበረበት።

አዲሱን ዲስክና ሸራ ያለ ጭነት፣ ሜዳ መንገድ ላይ ያለማምዱ። ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍሬኑን ለስለስ አድርገው እየረገጡ ደጋግመው ፍጥነት ይቀንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይቁሙ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ነድተው ሙቀቱ ይውጣለት። ጭነት የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው።