ቆሞ የሚንቀጠቀጥ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚንገራገጭ የቤንዚን መኪና፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ

መኪናው ቆሞ ሳለ መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ወደ 500 ይወርድና ተመልሶ ይዘላል። ለመነሳት ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ ከመሳብ ይልቅ ነጠር ነጠር እያለ ይንገራገጫል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው የመጀመሪያ እርምጃ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) መግዛት ነው። አልሆነም? ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ኮይል ይቀየራል። ከዚያ የነዳጅ ፓምፕ። እንዲህ ዕቃ በዕቃ እየቀየሩ መሄድ ገንዘብ ይጨርሳል፤ በመጨረሻ ጥፋተኛዋ አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ መቼ እንደሚያስቸግር አስተውሉ።

መቼ ነው የሚያስቸግረው?

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። የሞቀ ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር መካከል ረግቶ ይቆማል። ገና ሲነሳ ከ1,000 በላይ ቢዞር አያሳስብም።

ቆሞ የሚንቀጠቀጥ፣ መንገድ ላይ ግን ደህና የሚሄድ ሞተር ብዙ ጊዜ ያልተለካ አየር፣ ማለትም በአየር መለኪያው ሳያልፍ በሌላ ቀዳዳ የሚገባ አየር፣ እየገባበት ነው። ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት የሚቆራረጥ ከሆነ እሳቱ ደክሟል፣ ወይም ነዳጁ አንሷል። በሁለቱም ጊዜ የሚያስቸግር ከሆነ፣ በተለይ መንቀጥቀጡ እኩል ምት ካለው፣ ከሲሊንደሮቹ አንዱ አይሠራም ማለት ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቀስቱ ሳይነቃነቅ ቦዲው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ አውቶማቲክ መኪና ላይ ደግሞ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሬን ስትይዙ የሚብስ ከሆነ፣ ምናልባት ያረጁት ሞተሩ የተቀመጠባቸው የጎማ ማረፊያዎች ናቸው። ለዚህ ካንዴላ መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

የቼክ ኢንጂን መብራቱንም ተመልከቱ። ሳይጠፋ በርቶ የሚቆይ ከሆነ እስክትመረምሩት ቀስ ብላችሁ መንዳት ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን መኪናውን አታስጨንቁት። ሲሊንደር ውስጥ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ያልፍና ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከልክ በላይ ያግለዋል፤ እሱ ከቀለጠ ደግሞ ወጪው ከኮይልና ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም።

አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ

ርካሽ የኮድ ማንበቢያ (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ) እንኳ እዚህ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ፒ0301 የአንደኛው ሲሊንደር እሳት መሳቱን ይናገራል፣ ፒ0302 የሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፒ0300 ከመጣ መሳቱ በአንድ ሲሊንደር ላይ አልተወሰነም፤ ያን ጊዜ ሁሉንም የሚነካ ነገር፣ ማለትም አየር ወይም የነዳጅ ግፊት፣ ይጠረጠራል።

ማንበቢያ ከሌላችሁ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነዳጅ የሚረጩትን የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉና መልሱ። ጤነኛው ሲሊንደር ሲነቀል ዙሩ ይወርዳል፣ መንቀጥቀጡም ይብሳል። ሲነቀል ምንም ለውጥ ያላመጣው፣ እሱ ነው የማይሠራው። የኮይሉን ሶኬት ሳይሆን የኢንጀክተሩን እንድትነቅሉ የምመክረው ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ኮንቨርተሩ እንዳይሄድ ነው።

ሲሊንደሩ ከታወቀ ቀጣዩ ሥራ ማቀያየር ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ የሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው አዙሩ፣ ኮዱን አጥፍታችሁ ንዱት። ፒ0302 የነበረው ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። ኮዱ ቦታውን ካልለቀቀ በካንዴላው እንዲሁ አድርጉ። አዲስ ዕቃ ሳይገዛ በእርግጠኝነት መልስ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ፈተና ብዙ የለም።

ካንዴላውን ስትፈቱ (ሞተሩ ቀዝቅዞ መሆን አለበት) ዝም ብላችሁ አትጣሉት፤ ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እያለፈ ነው። ነጭ ሆኖ ካበጠ ወይም ከነጠበጠበ ሲሊንደሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ነዳጁ ማነሱም አንዱ ምክንያት ነው። ነጩን ሸክላም ከላይ እስከ ታች በጣት አሹት። በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለች፣ እሳቱ ጫፉ ላይ መዝለሉን ትቶ በጎን በኩል ወደ ብረቱ ይሸሻል ማለት ነው። መስመሯ የኮይሉ ጎማ ውስጥም ትኖራለች፤ ካንዴላውን ብቻ ቀይራችሁ ጎማውን ከተዋችሁት ችግሩ ይመለሳል።

ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ዘይት ከቋጠረ ደግሞ የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት (ማሸጊያ) አልቋል። ዘይቱ የኮይሉን ጎማ ስለሚያበላሸው መጀመሪያ ጋስኬቱ ይቀየር።

ሲቆም ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ

ሞተር በሚኒሞ የሚፈልገው አየር ትንሽ ነው፤ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው በኢንቴክ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ደግሞ በዚያ ሰዓት ከፍተኛ ነው። ስለዚህ በተሰነጠቀ ቱቦ የምትገባ ጥቂት አየር ድብልቁን ታዛባለች። መንገድ ላይ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ያቺው ትንሽ ፍሳሽ ከቁጥር አትገባም። ቆሞ የሚንቀጠቀጠው ሞተር ሲሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ኮፈኑን ከፍታችሁ የፉጨት ድምፅ አዳምጡ። የፍሬን ሰርቮ ቱቦ፣ የክራንክኬዝ መተንፈሻ ቱቦና የኢንቴክ ማኒፎልዱ ጋስኬት ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ ቱቦዎቹን ከሥር እዩ፤ ከላይ ደህና የሚመስል ጎማ መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ ይገኛል። የሳሙና ውኃ በመርጫ ስትረጩበት ዙሩ ከተለወጠ ወይም ፉጨቱ ለአፍታ ከቆመ ቦታው ተገኝቷል። ተቀጣጣይ ስፕሬይ የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ያስነሳልና እኔ አልመክርም።

የኮድ ማንበቢያው የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ) የሚያሳይ ከሆነ ፍለጋው ያጥራል። በሚኒሞ ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ እየጨመረ፣ ዙሩን 2,500 ስታደርሱት ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር ይገባል። ቁጥሩ በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጫና ሲበዛ ከፍ ካለ ደግሞ ወደ ነዳጁ ወይም ወደ አየር መለኪያው ሴንሰር ሂዱ።

ፍሳሽ ካልተገኘ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን የትሮትል ቦዲውን ክዳን ጠርዝ እዩ። ካርቦን ከጋገረ በተሠራለት ማጽጃ ይጸዳል። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ክዳኑን በእጅ አትግፉ፤ ከጸዳ በኋላም በብዙ መኪኖች ሚኒሞውን እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል። ነዳጅ እንደሞላችሁ ወዲያው ብቻ የሚያስቸግር ሞተር ደግሞ የነዳጅ ታንከሩን ተን የሚያስገባው ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ነዳጅ ሲሰጡት የሚቆራረጥ ከሆነ

ጫና ሲበዛ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ እሳቱም ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። በሚኒሞ ሥራውን የሚሠራ ደካማ ኮይል ዳገት ላይ የሚከዳው ለዚህ ነው። የካንዴላው ክፍተት በብዙ መኪኖች ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የራሳችሁን ከመኪናው መመሪያ ወስዳችሁ ለኩ። የካንዴላ ገመድ ያለው አሮጌ ሞተር ከሆነ ጨለማ ውስጥ አስነስታችሁ ተመልከቱት፤ የሚያፈስ ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያል። በእጅ አትንኩት።

እሳቱ ደህና ከሆነ የነዳጅ ግፊት ይለካ። ኢንጀክተሩ ኢንቴክ ላይ በሚረጭ ሞተር ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር ነው። ግን ቆሞ መለካት አይበቃም። የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ሚኒሞ ላይ ጥሩ ግፊት ያሳይና ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ሲጠይቅ ይወርዳል። መንገራገጩ በሚከሰትበት ጊዜ የተለካው ቁጥር ነው የሚታመነው።

የአየር መለኪያውን ሴንሰር ከጠረጠራችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሞክሩት። ኮምፒውተሩ ያኔ በግምት ይሠራል፤ ሞተሩ በዚህ ከተሻለው ሴንሰሩ እየዋሸ ነበር። ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ይረጭ፤ ቀጭኗን ሽቦ በጨርቅም በጣትም አትንኩ።

ኮይል፣ ካንዴላና ኢንጀክተር ተቀያይረው ያው ሲሊንደር ካልተነሳ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረው ግፊት) ይለካ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ በደካማው ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከጨመረ የፒስተን ሪንጎቹ ተበልተዋል። ካልጨመረ ቫልቩ አይዘጋም፣ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ተቃጥሏል፤ ያኔ ቴስታታው መውረድ አለበት።