ኤሌክትሪክ መኪና ቤት ስትሰኩ መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ

አንድ ማታ ሳሎን ቁጭ ብለን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ወጥ ቤት ሄድን፣ ምንም የለም። ካውያም አልተሰካም። በረንዳ ስወጣ ግን መኪናው የተሰካበት ሶኬት ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ብሬከሩን አውርጄ ፕለጉን ስነቅል አንደኛው እግር የሶኬቱን ፕላስቲክ ይዞ እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ ወጣ። መኪናው ምንም አልሆነም። ባትሪውም ደህና ነው። የተቃጠለው ሶኬቱና ከኋላው ያለው ሽቦ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ተኝተው ነበር።

ቤታችን አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የድሮ ግቢ ነው። ሽቦው የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬዲዮ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ እንደኛ ባለ ስንት አሮጌ ቤት ውስጥ መኪና እየተሰካ እንደሆነ አስቡት። ሻጭ ስለ መኪናው ይነግራችኋል፣ ስለ ቤታችሁ ሽቦ ግን ማንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፔር ላይ ሲሆን 2.2 ኪሎዋት ይወስዳል፣ 16 ላይ 3.5፣ 32 ላይ ደግሞ 7 ኪሎዋት። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ «ምጣድ የቻለ ቤት መኪና ያቅተዋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ምጣድ ሁለት ሰዓት ሰርቶ ይነቀላል። መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ያለ እረፍት ይጎትታል። ላላ ያለች አንዲት ቡሎን ለሁለት ሰዓት ብትታገስ ለአስር ሰዓት አትታገስም። ትግላለች፣ ስትግል ይበልጥ ትላላለች፣ እንዲህ እያለ ነው ሶኬት የሚቀልጠው።

ስለዚህ ለመኪናው ለብቻው መስመር አስዘርጉ። ከፓኔሉ (ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን) ተነስቶ ቀጥታ የሚሄድ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። ለ16 አምፔር ሶኬት ቢያንስ 2.5 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ ማለት ነው) የመዳብ ሽቦ፣ መስመሩ ረዘም ካለ 4 ካሬ። 32 አምፔር ካሰባችሁ 6 ካሬ፣ ያውም ቆጣሪያችሁ የሚችል መሆኑን በባለሙያ አረጋግጣችሁ ነው። ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ 32ን እርሱት። ዲቫይደር ላይ በጭራሽ አትሰኩ። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም ያው ነው፣ ጥቅልሉ መሃል ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ደግሞ እኮ ብዙ ሰው ያን ያህል ጉልበት አያስፈልገውም። በቀን 40 ኪሎሜትር ብትነዱ ከ6 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚበላው። ይሄን በ8 አምፔር አምስት ሰዓት ግድም ትመልሱታላችሁ። ቻርጀሩ ላይ አምፔር የሚቀይር ቁልፍ ካለ ዝቅ አድርጉትና ተኙ። ሰው ሁሉ እራት የሚሰራበት ሰዓት ላይም አትሰኩ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን። ምጣዱ ተጥዶ እያለማ ፈጽሞ አይሆንም።

አዲስ መስመር ሲዘረጋ የመጀመሪያውን ማታ አትተኙ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ፕለጉን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም ድገሙት። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ብሬከሩን አውርዱና ኤሌክትሪሺያኑን ጥሩት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ግራውንድ። ብዙ የድሮ ቤቶች የመሬት ሽቦ የላቸውም፣ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ሦስተኛው ባዶ ነው። የመኪና ቻርጀር ይሄን ይፈትሻል፤ ግራውንድ ካጣ ቀይ ያበራና አልሞላም ይላል። አንዳንድ ሰራተኛ ታዲያ ምን ያደርጋል? ሶኬቱን ይከፍትና ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። አረንጓዴው ይበራል፣ «ይኸው ሰራ» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔም ቤት ተደርጎ ነበር፣ ሶኬቱ ሲቀልጥ ተከፍቶ ነው ያየሁት። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ ወይም ፖሉ ላይ ቢላቀቅ፣ የመኪናው ገላ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በክረምት፣ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ያለ ልጅ የበሩን እጀታ ሲይዝ ይታያችሁ። እባካችሁ ሶኬታችሁን አስከፍቱና እዩ። መፍትሄው የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ አስቀብሮ፣ መሬት መያዙን በመለኪያ አስለክቶ፣ ከዚያ መስመሩን ማምጣት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ፣ 30 ሚሊአምፔር የሚል ብሬከር አስገጥሙ። ተራው ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን አያድንም።

መብራት ሲሄድ ንቀሉት። ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል አስር ደቂቃ ያህል ቆዩና ሰኩት። ሁልጊዜ መንቀል የማይመች ከሆነ፣ ቮልት ሲዛባ የሚያቋርጥ መከላከያ ፓኔሉ ላይ ይገጠማል።

ውጭ ስትሞሉ የመሰኪያውን ዓይነት እወቁ። ከቻይና የሚመጡት አብዛኞቹ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና መሰኪያ አላቸው፤ ለዝግተኛው አንድ፣ ለፈጣኑ ሌላ ቀዳዳ። ለቻይና ገበያ የተሰሩት ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6ም እንደዚያው ናቸው። ለአውሮፓ የተሰራ መኪና ግን ሌላ መሰኪያ ነው ያለው፣ ሳታረጋግጡ ባትሪውን አሟጣችሁ አትሂዱ። ፈጣን ቻርጀር ላይ 80 በመቶ ሲደርስ ነቅላችሁ ውጡ፤ ከዚያ በላይ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፣ ከኋላ ያለው ሰውም ይጠብቃል።

80ውን ቤትም ልመዱት። ባትሪው ኒኬል ያለበት ከሆነ ለዕለት ተዕለት 80 ይበቃዋል፣ 100 መንገድ ስትወጡ ብቻ። ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) የሚባለው፣ ኒኬል የሌለበት ግን አልፎ አልፎ፣ ብዙዎቹ አምራቾች በሳምንት አንዴ ይላሉ፣ እስከ 100 መሙላት አለበት፤ ካልሆነ የፐርሰንት ቁጥሩ ይሳሳታል። የናንተ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ። እንጦጦ አካባቢ ለምትኖሩ ደግሞ፣ ቁልቁለት ላይ መኪናው ራሱን ሲይዝ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ጠዋት ሞልታችሁ ከወረዳችሁ ግን ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ መኪናው እንደለመዳችሁት አይዝም። ፍሬናችሁን አስቡ፣ ጥቂት አጉድሉለት።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ከመኪናው አትራቁ። ባትሪው ከወለሉ ስር ሙሉውን ተነጥፏል። ልጁ በለመደው እጅ ክሪኩን መሃል ላይ ሊያስገባ ይችላል፤ «እዚህ ጋ ነው ወንድሜ» ብላችሁ ጎን ላይ ያለውን የክሪክ ቦታ አሳዩት። ላቫጆም የግፊት ውሃውን መሙያው ቀዳዳ ላይ እንዳይለቅ ንገሩ። ኮፈኑ ስር የምታዩትን ብርቱካናማ ኬብል ማንም አይንካ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለበት። ለሱ የሰለጠነና ጓንቱ ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ብዙ ሰው ይረሳታል። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም፣ በሩም ላይከፈት ይችላል። ለሳምንታት ለማቆም ካሰባችሁ ኤሌትራውቶ ኔጋቲቩን ይፍታላችሁ፣ ትልቁን ደግሞ 50 በመቶ አካባቢ ተዉት። በ10 ቁጥር ቁልፍ ራሳችሁ ከፈታችሁ መኪናው በደንብ ጠፍቶ፣ ቀለበትና ሰዓታችሁን አውልቃችሁ፣ ሁሌም ኔጋቲቭ ቀድሞ። ስትገጥሙ ኔጋቲቭ መጨረሻ። በዚህ መኪና የጎረቤትን ናፍጣ መኪና ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ለዚያ አልተሰራም።

ድንጋይ ወይም ክፍት ማንሆል ከስር ከመታችሁ ዝቅ ብላችሁ እዩ። ፈሳሽ ካለ፣ የማፏጨት ወይም የመንጣጣት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ነጭ ጭስ ካያችሁ ሰው ሁሉ ይውረድ። ቢያንስ 15 ሜትር ራቁ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደናንተ እንዳያመጣ ሆናችሁ። ጭሱ መርዝ ነው። እሳት አደጋ መከላከያ 939 ደውሉና ኤሌክትሪክ መኪና መሆኑን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ብዙ ውሃ ይዘው እንዲመጡ። በትንሿ ማጥፊያ አትታገሉት። ጠፋ ከተባለ በኋላም ከሰዓታት፣ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ እንደገና ሊነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ያ መኪና ቤዝመንት ውስጥ ወይም ቤት ጥግ አይቆምም። ውጭ፣ ለብቻው።

እኛ ቤት አሁን ሶኬቱ ተቀይሯል፣ መስመሩ ለብቻው ነው፣ ዘንጉም ጊቢው ጥግ ተቀብሯል። እኔ ግን አሁንም ከመተኛቴ በፊት ወጥቼ ፕለጉን በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ።